ለጫማ የምትበቃ ባትሪ

ታላቅ እህቴ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት ቀና ብላ ፊቱን አታይም። መጀመሪያ ጫማውን ነው የምታየው። ጫማውን ካወቀችው ፈገግ ትልና ቀስ እያለች ወደ ፊቱ ትወጣለች። ካላወቀችው ግን ሰውየው የት እንደተዋወቁ ቢያስረዳት፣ የልጆቹን ደኅንነት ቢነግራት ፊቷ አይፈታም። ለዚህ ነው የማያውቋት ሰዎች ኩሩ ናት የሚሏት። አንዳንዶቹማ ጫማቸው የቆሸሸ መስሏቸው ጎንበስ ብለው ሲጠርጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኩራት አይደለም፤ የሥራ ነገር ነው። እህቴ ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ፊልም ከተጀመረ በኋላ ለሚገባ ተመልካች በባትሪ ቦታ የምታሳይ ሴት ነበረች። ወጣትነቷንም ጉልምስናዋንም እዚያው ጨለማ ውስጥ ስላሳለፈች ሰውን የምታውቀው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። አሁን ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ልማዱ ግን አብሯት ጡረታ አልወጣም።

ሲኒማ ቤቱ በአንድ ፎቶ ቤትና በአንድ ጫማ መሸጫ መካከል ነበር። በሩን ሲያልፉ በስተቀኝ ቲኬት የሚቆረጥባት የመስታወት ክፍል አለች። ከዚያ ጠባብ ኮሪደር ይመጣል፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተንዘረፈፈ ቡናማ የከፋይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ወዲያ ጨለማ ነው። ወለሉ ከመጋረጃው ጀምሮ ፊልሙ ወደሚታይበት ሸራ ቁልቁል ይወርዳል። በመሃል በመሃሉ ደረጃ አለው፤ ከደረጃዎቹም አንዷ ሠሪው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ ከሌሎቹ በቁመት ትረዝማለች። ስንቱ ወፍራም ሰው እዚያች ደረጃ ላይ እየተንገዳገደ የማያውቀውን ሰው ትከሻ ይዟል።

እኔ ሥራዋን ሳላየው በፊት ቦታ ማሳየት ማለት ባትሪ ይዞ ከፊት ከፊት እያበሩ መሄድ ይመስለኝ ነበር። እህቴ ግን እንደዚያ አታደርግም። «ከፊቱ ካበራሽለት ሰው ብርሃኑን ያያል እንጂ እግሩን አያይም» ትላለች። ሰው መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ መጀመሪያ እጇን ዘርግታ ታቆመዋለች። «አንድ ጊዜ ይቁሙ፣ ዓይንዎ ይልመድ» ትለዋለች በሹክሹክታ። ከዚያ እሷ ከፊት ትሄዳለች፤ ባትሪዋን የያዘው እጇ ግን ከወገቧ ኋላ ነው። ብርሃኑ የሚያርፈው ከኋላዋ በሚከተላት ሰው ጫማ ላይ ነው። እሷ ራሷ ጨለማውን እየረገጠች ነው የምትሄደው፤ ደረጃዎቹን በእግሯ ስለምታውቃቸው ብርሃን አያስፈልጋትም። ተርታው ጋ ስትደርስ የባትሪዋን አፍ በጣቶቿ ከደን ታደርግና በጣቶቿ መሃል በሚያልፈው ቀላ ያለ ብርሃን ወንበሩ ላይ የተረሳ ነገር እንደሌለ ታያለች። ሰውየው ሲቀመጥ እሷ የለችም።

እንዲህ አድርጋ ያስቀመጠችው ሰው ሲወጣ እንዳያስታውሳት ትፈልጋለች። «ካስታወሰኝማ አስቸግሬዋለሁ ማለት ነው» ትል ነበር።

ፊልም አጫዋቹ ከላይ ካለችው ትንሽ መስኮቱ ሆኖ ያቺ ደብዛዛ ቢጫ ብርሃን ወለል ወለሉን ወርዳ ስትመለስ ሲያይ ኖሮ «ጨረቃ» የሚል ስም አወጣላት። ስሙ ተለጠፈባት። ቲኬት ቆራጯም፣ ጽዳቶቹም ጨረቃ ነው የሚሏት። ባሏ እንኳ ሊያበሽቃት ሲፈልግ «ጨረቃ ዛሬ በስንት ሰዓት ትወጣለች?» ይላል።

ያቺ የድሮ ባትሪዋ ረጅም ቆርቆሮ ነበረች፤ ሁለት ወፋፍራም ድንጋይ ጎርሳ የምትሠራ፣ አምፖሏ የደከመ፣ ብርሃኗ ቀጠን ያለ ሻይ የሚመስል። ክብደቷ ግን አይጣል ነው። የእህቴ የሥራ ካፖርት ቀኝ ኪሱ ባትሪዋን መሸከም እያቃተው በየጊዜው ይቀደድ ነበር፤ የምሰፋው ደግሞ እኔ ነኝ። ገበር ብደርብበትም፣ ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆርጬ ብለጥፍበትም ከርሞ መቀደዱ አልቀረም። እህቴም ከክብደቱ የተነሳ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ መሄድ ለመደች። ካፖርቱን አውልቃ እንኳ ዘንበል እንዳለች ነው።

አንድ ቀን ባትሪዋ እምቢ አለች። ድንጋዮቹ ሆዷ ውስጥ ፈሰው ዝገው፣ ሽቦዋ ተበልቶ፣ ማብሪያዋም በእጅ ሲነኩት ወደቀ። የእህቴ ባል ታክሲ ነጂ ነው፤ በፕላስተርና በሽቦ የማይጠግነው ነገር የለም። እሱም ፈታትቶ አየና «ነፍሷ ወጥታለች፣ ተዋት ትረፍ» አለ። እኔ ጋሼ ነው የምለው፤ የምኖረውም ከእነሱው ጋር ነው። ጋሼ ዕቃ መጣል የማይወድ ሰው ነው፤ እሱ ሞተ ካለ ሞቷል ማለት ነው።

በዚያው ቀን ምሳውን ሳይበላ ወጥቶ አዲስ ባትሪ ገዝቶላት መጣ። ጠረጴዛው ላይ በካርቶኗ አስቀመጣትና አለመኮፈስ አቃተው። ጥቁር ናት፣ ጎማ የለበሰች፣ አፏ የሞላ። አንድ ጊዜ ሲጫኗት ጣሪያውን ነጭ አደረገችው፤ ድመቷ ከአልጋው ሥር ገባች። ሁለት ጊዜ ሲጫኗት መለስ ትላለች፣ ሦስት ጊዜ ሲጫኗት ትደክማለች። «ይሄ ባትሪ አይደለም፣ የመኪና መብራት ነው» አለ ጋሼ። እህቴ የባሏን ፊት አየችና ደክማ የምትበራውን ብርሃን ለእግሮቹ አበራችለት። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ሦስት ጊዜ መጫኑን እስኪመሽ ድረስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስትለማመድ ቆየች።

አራተኛ ጊዜ ሲጫኗት ምን እንደምትሆን ሁለቱም አላወቁም። ጋሼ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አላነበበም፤ መኪና የሚነዳ ሰው የባትሪ መመሪያ ማንበብ ያንሰዋል።

የዚያ ሳምንት ፊልም አንዲት እናት ባቡር ጣቢያ ላይ ከልጇ የምትለይበት ነበር። ሰዉ ሁሉ መሐረብ ይዞ የሚገባበት ፊልም ነው። እናትየዋ ከባቡሩ ኋላ መሮጥ ስትጀምር እህቴ አንድ ደንዳና ሰውዬ ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች። እዚያች ረጅም ደረጃ ላይ ሰውየው ሲንገዳገድ እሷም ልትደግፈው ስትል አውራ ጣቷ አዳለጣትና ባትሪዋን ደግማ ተጫነቻት። አራተኛዋ ይህቺ ናት። ባትሪዋ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ እንደ አምቡላንስ። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ የሚያለቅሰው ሰው ፊት ሁሉ ብልጭ ድርግም አለ። ልታጠፋት ተጫነቻት፣ አልጠፋችም፤ ለካ ተጭኖ መቆየት ነበረባት። ብብቷ ሥር ከተተቻት፤ ከዚያ ካፖርቷ ውስጥ። ካፖርቱ ራሱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር።

ከፊት ተርታ ያሉት አንድ ነገር ተነሣ ብለው ብድግ አሉ። እነሱ ሲነሡ ሌላውም ተነሣ። አንዲት ሴት አንድ እግር ጫማዋን ጥላ በሩ ጋ ደረሰች፤ ያ ደንዳና ሰውዬ ደግሞ በድንጋጤ የማያውቃት ሴትዮ ጭን ላይ ተቀመጠ። ማንም አልተጎዳም። ፊልሙ ግን ቆመ፣ መብራትም በራ፤ እናትየዋም አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ቲኬት ቆራጯ ምላሷ ስለት ነው። «ጨረቃ ናት ስንል መብረቅ ሆና አረፈችው» አለች፤ ቃሉም እስከ ማታ ሲኒማ ቤቱን አዳረሰ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ሥራ አስኪያጁ በቅርቡ የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። እህቴ የመጣ ዕለት በካልሲው ነው የያዘችው። እናቱ በእጇ የሠራችለትን ዥንጉርጉር የሱፍ ካልሲ፣ ሙቀት ይሁን ብርድ ሳይል፣ በተወለወለ ጥቁር ጫማ ያደርጋል። እህቴ ይሄንን ስትነግረኝ «እናቱን የሚወድ ልጅ ነው፣ አይጎዳኝም» ብላኝ ነበር።

አልተቆጣትም። አስቀምጧት በአክብሮት ነው ያናገራት። ተመልካች መማረሩን፣ ባለቤቶቹም መስማታቸውን ነገራት። ደረጃዎቹ ጠርዝ ላይ ትንንሽ መብራት ሊያስደርግ አስቧል፤ ያን ጊዜ በባትሪ የሚመራ ሰው አያስፈልግም። ለእሷ ደግሞ ቲኬት ቆራጯ ልትወልድ ስለሆነ የመስታወቷን ክፍል ይሰጣታል። ወንበር አለው፣ ማራገቢያ አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ጉልበቱን ይስም ነበር። እህቴ ግን አንገቷን ደፍታ የሚሆናትን ባትሪ እንድትፈልግ ጊዜ ይሰጣት ዘንድ ለመነችው። አሰበና አዲሱ ፊልም እስኪገባ ድረስ ፈቀደላት። «ግን እትዬ፣ በሰው ወሬ አልወስንም» አላት። «አንድ ቀን ሳልነግርዎት እገባና ራሴ አያለሁ።»

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ ክር እየጠቀለለች ነው። እኔ የሚሻላት መስሎኝ ጉልበቷም እያመማት ስለሆነ መቀመጡን ብትይዘውስ አልኳት። ክሩን ያዝ አደረገችው።

«መስታወት ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው እጅ ሳይ ልዋል?» አለች። «እጅ ምን አለው? ይሰጣል ይቀበላል፣ በቃ። እግር ግን ይፈራል። ጨለማ ሲገባ የማይፈራ እግር እስከ ዛሬ አላየሁም። ያ ሲፈራ የነበረ እግር ወንበሩን አግኝቶ ዘርጋ ሲል ነው ደስ የሚለኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ወንበርና ማራገቢያ ዳግመኛ አላነሣሁባትም።

ለባሏ አልነገረችውም። «ባትሪዋ እንዴት ናት?» ሲላት «ጉድ ናት» ትለዋለች፤ ይሄ ውሸት አይደለም። ነገር ግን አንድ ቀን ፊልም አጫዋቹ እግር ጥሎት የጋሼ ታክሲ ውስጥ ገባና የማን ባል እንደሚነዳው ሳያውቅ ያንን የመብረቅ ወሬ እየሳቀ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከለት። ጋሼ ቤት ሲገባ ምግብ አልቀምስ አለ። ወጥቶ ንጹሕ የነበረችውን መኪናውን ማጠብ ጀመረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ጨርቁን እየጨመቀ።

«እንደዚያ ደስ ብሎህ የሰጠኸኝን በምን አፌ?»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ወደ ጎማዎቹ ዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋ ሆነብን። «እባክሽ ጨው አቀብይኝ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ይቅርታ ልለፍ» ይላል። እህቴ ጭንቅ ያዛት። ባሏ ሲጮህ ኖሮ ሲበርድለት ታውቃለች፤ ይቅርታ ልለፍ ሲላት ግን ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ እኔን አስከትላ ባትሪ ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ በመደዳ አሰለፈልን። ይህቺኛዋ ብርሃኗ ወንዝ ማዶ ይደርሳል፣ ይህቺ ውኃ ውስጥ ብትወድቅ አይሞላባትም፣ የዚህችኛዋ ጠርዝ ደግሞ መስታወት ይሰብራል። እህቴ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማችው።

«የሚያንስ የለህም?» አለችው።

«ዋጋው?»

«ብርሃኑ።»

ነጋዴው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። «እማማ፣ ብርሃን ቀንስልኝ የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለ።

«እኔ ወንዝ ማዶ ምን አለኝ? ጫማ ላይ የምትደርስ ከሆነች ትበቃኛለች» አለችው። ሰውየው ጨዋታችንን አልወደደውም መሰለኝ፣ ባትሪዎቹን መልሶ መደርደር ጀመረ።

ሁለተኛው ሱቅ ከዚያው መንገድ ጫፍ ላይ ያለ ነው። ሽቦ፣ አምፖል፣ ሶኬት፣ የመስኮት ማጠፊያ፣ ምን የሌለው አለ። ባለ ሱቋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከበርጩማዋ ለመነሣት የማትቸኩል ሞላ ያለች ሴት ናት። እህቴ ሥራዋን ስትነግራት መነጽሯን አደረገች። ያን ጊዜ ነገሩ እንደገባት አወቅሁ።

አንዷን ባትሪ እህቴ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተጫነቻት። ቀጭ አለች። «ይህቺ ትናገራለች» ብላ መለሰቻት፤ ሰው በጸጥታ ፊልም ሲያይ አንድ ቀጭ አዳራሹን በሙሉ ያዞረዋል። ሌላዋ ክብ ስለሆነች ከባንኮኒው ተንከባላ እኔ እግር ሥር ወደቀች። ሌላዋ ማንጠልጠያዋ ሹል ነው፤ እሷን እኔ ነኝ የጣልኳት፣ ኪስ ሰፊ ስለሆንኩ። ቁልፍ መያዣ የምታክል አንዲት ደግሞ ነበረች፤ ደስ ትላለች፣ ግን ካልተጫኗት ትጠፋለች። «አውራ ጣቴ ሲደክመኝ ሰውየው መሃል መንገድ ላይ ሊቀርብኝ ነው» አለች እህቴ። አንዷ ለእጇ ወፈረች፣ አንዷ አሁንም እንደዚያችኛዋ ብልጭ ድርግም ባይ ሆነች፤ እሷንማ እንደ እባብ ነው የለቀቀቻት።

«የኔ እመቤት፣ ባትሪ ነው ወይስ ባል ነው የምትመርጪው?» አለች ባለ ሱቋ።

«ባልማ እንዲህ ብመርጥ ኖሮ ቆሜ ቀርቼ ነበር።»

ባለ ሱቋ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያም ከመሳቢያዋ ሥር እጇን ሰዳ አንዲት አመድማ ነገር አወጣች። ርዝመቷ የመሃል ጣቴን ታክላለች። በአንድ ጎኗ ጠፍጠፍ ስላለች አትንከባለልም። መጫኛ የላትም፤ አንገቷን ጠምዘዝ ሲያደርጓት ድምፅ ሳታሰማ ትበራለች፣ ሲመልሷት ትጠፋለች። አንዲት ትንሽ ድንጋይ ትበቃታለች። «ሌላ ምንም ስለማታደርግ የሚገዛት ጠፋ» አለች ባለ ሱቋ። እህቴ መዳፏ ውስጥ አድርጋ ጨበጠቻት። እጇ ተዘጋ፤ ባትሪዋ አትታይም።

ይሞከር ተባለ። የሱቁ ጓዳ መስኮት የለውም፤ የዕቃ ሣጥን የታጨቀበት ነው። እህቴ በሩ ጋ አቆመችን። «አንድ ጊዜ ይቁሙ፣ ዓይንዎ ይልመድ» አለችን፤ እኔንም፣ ባለ ሱቋንም። ከዚያ አንድ በአንድ እየመራች ሣጥን ላይ አስቀመጠችን። እዚያ እንደተቀመጥን አምፖል ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው ከውጭ ተጣራ። ሰው ሲያጣ ወደ ጓዳው አንገቱን አሰገገ። እህቴ እጇን ዘረጋችና አቆመችው፣ ቀጥላም መርታ የሽቦ ጥቅል ላይ አስቀመጠችው። ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ነው «ምን ልናይ ነው?» ያለን።

ሁሉ ነገሯ ጥሩ ነበር፤ ቀለሟ ብቻ አልሆነም። ብርሃኗ ብዙ ባይሆንም ነጭ ነው፤ የጥርስ ሐኪም መብራት ዓይነት ነጭ። የሰውየው ጫማ ኖራ የፈሰሰበት መሰለ። በጣቷ ስትከድነውም ነጩ በጣቶቿ መሃል እንደ ቢላ ሾልኮ ወጣ። እህቴ ብዙ አመነታች። በመጨረሻ ገዛቻት፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

እቤት ገብተን መጋረጃውን ዘጋንና የኔን ቁርጥራጭ ገበር ሁሉ አወጣን። ቢጫው ሳቲን ሲለብሳት የጨርቁ ድርና ማግ ወለሉ ላይ ታየ፤ ብርሃኑ በወንፊት የተነፋ መሰለ። ቡናማው ወፍራም ነው፣ ጭራሽ አጠፋት። ሳሳ ያለ ቀይና ቢጫ ብንደርብ ቀዩ ጎልቶ ወጣና ወለሉ የታረደበት መሰለ። አዲሱ ፊልም ሊገባ ቀኑ ደርሷል፤ ሥዕሉ ከሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። እህቴ ባትሪዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ምናልባት ማራገቢያውም አይከፋም» አለች ቀስ ብላ። ይሄን ስትል አንጀቴን በላችው።

ጋሼ በወዲያኛው ክፍል ራዲዮ ይሰማ ነበር። ራዲዮውን ዝቅ ካደረገው ግን ቆይቷል፤ እኛን ነው የሚሰማው። ብድግ ብሎ መጣ። «ይቅርታ» ብሎ ባትሪዋን ከጭኗ ላይ አነሣ። አንገቷን ጠምዘዝ አድርጎ መዳፉ ላይ አበራት፣ አጠፋት፣ አበራት። ከዚያም ወጣ። የመኪናው ኋላ ሲከፈት ሰማን።

በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ሳይፈታው ነው ያወቅሁት። አንድ አውቶቡስ ታክሲውን ታክኮ ሲያልፍ የሰበረበት የፍሬቻ ሽፋን ነው፤ ብርቱካናማው ፕላስቲክ። አዲስ ካስገባ ስንት ጊዜው ነው፣ ስብርባሪው ግን አልተጣለም። ደጁ ላይ ቁጭ አለና በብረት መጋዝ አንዲት ቁራጭ ቆረጠ። በሞረድ ዙሪያዋን ሞረዳት፣ እፍ አላት፣ ለካት፣ እንደገና ሞረዳት። ፀሐይዋ ከደጁ ወደ ግድግዳው እስክትወጣ አልተነሣም። ጉልበቱ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ተጠራቀመ። በመጨረሻ የባትሪዋን የፊት ቀለበት ፈታና አዝራር የምታክለውን ክብ ከመስታወቷ ሥር አስገብቶ መልሶ አጠበቃት።

መጋረጃውን ዘጋሁ። እህቴ አንገቷን ጠምዘዝ አደረገቻት። ወለሉ ላይ ቀጠን ያለ ሻይ ፈሰሰ።

 እህቴ ተነሥታ በሩ ጋ ሄደች፤ ባሏን በእጇ አቆመችው። «አንድ ጊዜ ይቁሙ፣ ዓይንዎ ይልመድ» አለችው፤ ባሏን እርስዎ ስትለው ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ እጇን ከወገቧ ኋላ አድርጋ በአልጋውና በጠረጴዛው መሃል ይዛው ሄደች። የጋሼ አሮጌ ጫማ በዚያች ሻይ ውስጥ ቀስ ቀስ እያለ ተከተላት። ወንበሩ ጋ ደረሱ፤ ተቀመጠ።

«ፊልሙ ግን ጥሩ ነው?» አለ ጋሼ።

«ሰው እያለቀሰ ነው የሚወጣው» አለችው።

በዚህ ሳቀ፤ ያ ጨዋነቱም በዚያው ለቀቀን። ቆየት ብሎ ያችኛዋ ባትሪ የት እንደደረሰች ሲጠይቃት እህቴ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ አወጣቻት። በየቀኑ ይዛት ስትዞር ነበር። ጋሼ አገላብጦ አያትና ለመኪናው ወሰዳት። ጎማ ሲፈነዳበት ከመኪናው ኋላ መንገዱ ላይ ያስቀምጣታል፤ ብልጭ ድርግም ስትል የሚመጣው መኪና ሁሉ ከሩቅ ይለያታል። «የተፈጠረችው ለዚህ ነው፤ እኔ ነኝ የማይሆን ቦታ የዳርኳት» ይላል እስከ ዛሬ።

እኔም የካፖርቱን ትልቁን ኪስ ደፈንኩና ከጎኑ ጣት የምታስገባ ጠባብ ኪስ ሰፋሁላት። ባትሪዋ ስትገባ አትታይም፣ አትከብድም። እህቴ ግን አሁንም ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው።

አዲሱ ፊልም የገባ ዕለት አዳራሹ ሞላ። እህቴ ስትወርድ ስትወጣ ዋለች። ፊልሙ ከተጀመረ ቆይቶ አንድ ሰው ለብቻው መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፣ ሰፋፊ ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጓል። ቃል አልተናገረም። እህቴ አቆመችው፣ ዓይኑ እስኪለምድ ጠበቀችው፣ መርታው ወረደች። ረጅሟ ደረጃ ጋ ስትደርስ ብርሃኑን ጠርዟ ላይ ትንሽ አቆየችለት። ከመሃል ተርታ ዳር ላይ አስቀምጣው ተመለሰች።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ያ ሰው ኮሪደሩ ላይ ከእህቴ አጠገብ ቆመ። ቆቡን አወለቀ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊልሙ ለካ እሱንም አስለቅሶታል።

«እትዬ፣ እኔን ያስቀመጠኝ ማን ነው?» አላት።

«እኔ ነኛ።»

ግራ ገባው። «መጋረጃው ጋ መቆሜ ትዝ ይለኛል» አለ። «ከዚያ ወዲህ ግን ፊልሙ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።»

እህቴ ከዚህ የበለጠ ምስጋና በዕድሜዋ አልሰማችም። እንባዋ እንዳይመጣ መጋረጃውን ታስተካክል ጀመር። የደረጃ መብራቱ ነገር ቀረ። የመስታወቷ ክፍልም ለሌላ ሴት ተሰጠች። ሥራ አስኪያጁ ለመብራቱ ባሰበው ገንዘብ ያቺን ረጅም ደረጃ አስተካከላት፤ ደግ አደረገ። ግን እህቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚያ ጋ ስትደርስ እግሯን ቀስ አድርጋ ሳታወርድ አልፋ አታውቅም። ከኋላዋ የሚከተላት ሰውም ለምን እንደሆነ ሳይገባው እንደ እሷው ቀስ አድርጎ ያወርድ ነበር።

የዚያን ዕለት እቤት ገብታ ሻይ እየጠጣን ሁሉንም ነገረችን። ጋሼ ታሪኩን እንደገና አስነገራት፤ ያቺን የፍሬቻ ቁራጭ የሚመለከተው ቦታ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቀስ እንድትል ለመናት። እኔ አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። ጫማውን ቀይሮ ቢገባም እንዴት እንዳላወቀችው ጠየቅኋት።

«ማን አለሽ አላወቅሁትም?» አለች ሻይዋን እያቀዘቀዘች። «ጫማው የወንድሙ ይሁን የጓደኛው እንጃ፣ ሰፍቶታል። ካልሲው ግን የእናቱ ነው።»

ጋሼ በሻዩ ትን አለው። ታዲያ ባወቀችው ጊዜ ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት።

«ምን አደርጋለሁ? እንደማንኛውም ሰው እግሩ ፈርቶ ነበር። አበራሁለት።»

ለሥራ አስኪያጁ ግን እንደለየችው እስከ ዛሬ አልነገረችውም። ቆብ ፈልጎ፣ ጫማ ተውሶ ያንን ያህል የደከመን ልጅ ቅስም መስበር ነው ትላለች።